በሐዘን ልብስ የተዘራ

ከምዚንትላቫ ሸለቆ
ሜይ 8 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.

ለወንድሜ ለምቡሌሎ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽህ፣ አለን ማለቱ ይበቃል። እናታችን ጥቁሯን ለብሳ ከበሩ ጀርባ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ናት። አባታችንን በፌብሩዋሪ ከቀበርን ወዲህ ከሳች እንጂ መብሉን አልተወችም። ስለዚህ በየደብዳቤህ በላች ወይ፣ ጠጣች ወይ እያልክ አትጨቅጭቀኝ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትላለህ። ስልክ የሚሠራው ትንሹ አባት ፉንዲሌ ደጅ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ መሆኑን ረሳኸው እንዴ? የአባታችን ታናሽ ወንድም ናቸውና ደጃቸው ደጃችን ነው፤ ጆሯቸው ግን የራሳቸው ነው፣ ሥራም አይፈታም። ደብዳቤውን የታክሲው ሹፌር ሉሲኪሲኪ ከተማ ወስዶ ፖስታ ቤት ይጥልልኛል።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። ዘሩን የሰጡህ ሰዎች አልዋሹህም። እንዲያውም ያከበሩህ መስሏቸው ነው። ባለፈው ወር ከነጓደኞችህ በነጭ መኪና መጥታችሁ፣ የአያቶቻችንን የሐሺሽ ዘር ከመጥፋቱ በፊት ሰብስበን ፕሪቶሪያ ዘር ባንክ ውስጥ እናኖረዋለን ስትሉ ሽማግሌው ሁሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንተ ተነሣህና «እባካችሁ ምርጥ ምርጡን ስጡን» አልክ። አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ ሌላ ሰው ነው ያለው እንዳትለኝ። እዚህ አገር እንግዳ ቤትህ ገብቶ ምርጡን ስጠኝ ቢልህ የተሰነጠቀውን ዋንጫ ታወጣለታለህ? ሰዉ ከደርባን በፓኬት የገዛውን፣ ያንን «ቺዝ» የሚሉትን አዲስ የሐሺሽ ዘር አወጣልህ። ጎረቤታችንን ማንያዉዛን ጠይቄያት ነበር።

«አሮጌው የቀረው እናትሽ ጋ ብቻ ነው» አለችኝ። «ቢኖረኝስ፣ የአያቴን ቀጫጫ ሣር ይዞ ሄዶ እንዲስቅብኝ ነው? እንግዳ ሆኖ መጣ፣ የእንግዳ ሰጠሁት።»

ሳጥንህ ውስጥ የበቀለው ድንክ፣ ቅጠለ ሰፊ ነገር እንግዲህ ያ ነው። ስሙን መጻፉ ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ሽታው ሳይታጠብ የከረመ የእርጎ ጨርቅ ነው። ከባሕር የሚነሣው ጭጋግ ሲያርፍበት ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ስትፈለቅቀው ግራጫ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ይወጣዋል። የእኛ ሰዎች ያንን በትንፋሻቸው እፍ ብለው ለገበያ ያወጡታል። ያንን የሚያጨስ ሰው ሳንባ ምን እንደሚመስል አስበው። የድሮው ቁመቱ የጎጆ ክዳን ያልፋል፣ ቅጠሉ የቀጠነ ነው፣ የሚደርሰውም ዘግይቶ ነው። ሰዉ የጠላው ለመዘግየቱ ነው እንጂ በስብሶስ አያውቅም።

የእናታችንን ቤት ለምን እንደዘለልከው አውቃለሁ፣ አልወቅስህም። በሐዘን ላይ ካለች ሴት እጅ ምንም ነገር አይወጣም። ግን እወቀው፤ ከእናቷ ቤት ሙሽራ ሆና ይዛው የመጣችው ዘር ከጣራው ሥር ቅሉ ውስጥ ተንጠልጥሏል። አባታችን የታመመ ጊዜ አልተዘራም፤ ሲሞት ደግሞ ጥቁር የለበሰች እርሻ አትረግጥምና እርሻው ራሱ ተዘጋባት። ዘሩ እያረጀ ነው፤ በሚመጣው ጸደይ ካልተዘራ አይበቅልም። ጥቁሩን የምታወልቀው በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ነው፤ ያኔ የመዝሪያው ወቅት አልፎ ይሄዳል።

ለመሆኑ የወሰድከው ዘር አሮጌው አለመሆኑን ለአለቃህ ነገርከው ወይ? አሁን ተናደድኩ፣ እዚህ ላይ ላቁም።

እህትህ ኖዛሚሌ


ፕሪቶሪያ
ጁን 19 ቀን 2022

ለውድ እህቴ ለሲሲ ኖዛሚሌ፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቢሮ ነበርኩ፤ አንብቤ ስጨርስ በሩን ዘግቼ ደግሜ አነበብኩት። «ምርጡን» ማለቴ እውነት ነው። ከዚያ ሸለቆ ወጥቼ እንዲህ መርሳቴ ያሳፍረኛል። ለእኔ ምርጥ ማለት አሮጌው ነበር፤ ለእነሱም እንደዚያው የሆነ መሰለኝ።

ስለ ቅሉ የጻፍሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሲሲ፣ ለደንቡ ክብር የለውም እንዳትይኝ እንጂ፣ አንድ እፍኝ ብቻ ብትዘግኚልኝስ? እማዬ ስትተኛ። ማንም አያውቅም። እዚህ በመስታወት ቤት ውስጥ እዘራዋለሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ዘሩን እመልስላታለሁ። ዘሩ ከሞተ በኋላ ማንን እናከብራለን?

ለአለቃህ ነገርከው ወይ ላልሽኝ፣ ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ ምቡሌሎ


ከምዚንትላቫ ሸለቆ
ጁላይ 24 ቀን 2022

ለምቡሌሎ፣

እንደምን ነህ? ብርዱ እዚህ አጥንት ይገባል፣ እዛማ እንዴት ይሆን።

ሥራ በዝቶበታል ማለት አልነገርኩትም ማለት መሆኑን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም። እሱን ለጊዜው ተውኩት። እናቴ ስትተኛ ዝገኚ ያልከውን ግን አልተውኩልህም። ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ደብዳቤውን ከእጄ ጣልኩት። የገዛ እናትህን ቤት፣ ባሏን አፈር አልብሳ በተቀመጠችበት፣ እንድሰርቅልህ ነው? ጓንት አጥልቀህ መጥተህ የሰዉን ቅጠል በሁለት ጣት ስታነሣ አይቼሃለሁ። እዛም እንዲህ ነው የተማራችሁት?

ደግሞ ብሰርቅልህስ? እናታችን ከሐዘን እጅ የወጣ ነገር ጥላውን ይዞ ይሄዳል ነው የምትለው። ሰጠሁህ ብላ ልጇ ላይ ሞት የምትልክ ይመስላታል። አንተ ባታምንበት እሷ ታምንበታለች፤ ሲነጋም ሲመሽም ስለ አንተ ስትጨነቅ ትኖራለች።

አንድ መንገድ አለ። የሟች ወንድም ከፈለገ ሽማግሌ ሰብስቦ ጥቁሩን ቀድሞ ማስወለቅ ይችላል። ስለዚህ እግሬን ተሸክሜ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ትንሹ አባት ከደጃቸው ተቀምጠው የዚያን የቺዛቸውን ራስ እየፈለቀቁ ሻጋታውን በጥፍራቸው ያወጣሉ። በዚያው ጥፍር ሱረታቸውን ቆንጥረው አፍንጫቸው ውስጥ ከተቱ። ዓይኔን ወደ ፍየሎቹ አዞርኩ። ጉዳዬን ነገርኳቸው፤ ብዙ ሳቁ፣ ስለ አባታችን ብዙ አወሩ፣ አንዱም ስለ አባታችን አልነበረም። በመጨረሻ ነገሩ ወጣ።

«ልጁ የዘር ባንኩ ወረቀት ላይ የዚህ ሸለቆ ዘር ብሎ የኔን ይጻፍ» አሉ። «የፉንዲሌ ዘር ተብሎ። ፕሪቶሪያ ለዘላለም የሚቀመጥ ከሆነ ስሜ ይቀመጥ። ያኔ እኔም የእናታችሁን የሐዘን ልብስ በሴፕቴምበር አስወልቃለሁ።»

ከደርባን በፓኬት የመጣ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል አልኳቸው። «ታዲያ እኔ ነኝ ያመጣሁት» አሉኝ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ሌላም ነገር አለ፣ ልደብቅህ አስቤ ነበር። ወንዙ ዳር ያለውን የእናታችንን ማሳ አርሰውታል። ሐዘን ላይ ናት፣ መሬት ጦሙን አያድርም ብለው ነው። የሚዘሩበትን ታውቃለህ።

ለእሳቸው መልስ አልሰጠሁም። አንተም እንዳትሰጥ።

ኖዛሚሌ


ፕሪቶሪያ
ኦገስት 30 ቀን 2022

ለሲሲ፣

እንደምን አላችሁ? ስለ ስርቆቱ ያልሽኝ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጻፈው እጄ እንጂ እኔ አይምሰልሽ።

ስለ ትንሹ አባት ጉዳይ ከእንግዲህ አታስቢ። ጨርሼዋለሁ። በሴፕቴምበር እማዬ ከጥቁሩ ትወጣለች፣ ዝናቡ ሳያልፍ ትዘራለች። እንዴት እንደጨረስኩት ስመጣ እነግርሻለሁ። አሁን ደስ ይበልሽ።

ምቡሌሎ


ከምዚንትላቫ ሸለቆ
ኦክቶበር 16 ቀን 2022

ምቡሌሎ፣

ሰላምታውን ዝለለው።

እንዴት እንደጨረስከው መጥተህ እስክትነግረኝ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ፉንዲሌ ደጅ ጠላ ተጠጣ፣ ወረቀትህ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በፕላስቲክ አሽጎታል፣ የጠላ አረፋ እንዳይነካው። ማኅተም አለው፣ ፊርማህ አለበት። የምዚንትላቫ ሸለቆ ጥንታዊ ዘር፣ ጠባቂው ፉንዲሌ ይላል። አብሮት ፎቶው አለ፦ በእናታችን ማሳ መሃል፣ በእናታችን መሬት ላይ፣ ጥርሱን አግጥጦ ቆሟል። አንብቢልን አሉኝ፣ ትምህርት ያለሽ አንቺ ነሽ ብለው። ቆሜ አነበብኩት። አፌ ምራቅ ሞላ፣ በሰው ደጅ ስለሆነ ዋጥኩት።

ሊያስወልቅላት ቃል ገብቶልህ ነበር አይደል? ኦክቶበር ተጋምሷል። ጠየቅኩት። ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም፣ ሚስት ባሏን ቶሎ የምትረሳበት ቤት አይደለም አለኝ። ሽማግሌዎቹን ስጠይቃቸው ማን ጠየቀን አሉኝ። ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ አለህ፣ አንተም ጨፈንክ። ከዛሬ ጀምሮ ትንሹ አባት ብዬ አልጠራውም፤ አባት የሚለው ቃል አፌ ላይ ይቆሽሻል።

እሱስ ድሮም እሱ ነው። አንተን ነው የተጸየፍኩህ። የበሰበሰ ነገር በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለህ የአያቴ ነው አልክ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ ያንን ሳጥን ከፍቶ ቅድመ አያቶቼ ይህን ነበር የሚያበቅሉት ይላል። የእኛ ዘር የፖሊስ ሄሊኮፕተር መርዝ ሲረጭበት እንኳ ስሙን ይዞ ነው የሞተው።

እናታችን አልሰማችም። እኔም አልነግራትም። ዝናቡ ጀምሯል፤ ጣራው ላይ ሲወርድ ቀና ብላ ቅሉን ታየዋለች፣ ከዚያ ወደ ምንጣፏ ትመለሳለች።

ኖዛሚሌ


ፕሪቶሪያ
ኖቬምበር 13 ቀን 2022

ሲሲ፣

የጻፍሽውን ሁሉ ይገባኛል። ራሴን ለመከላከል አልጽፍም። ያሰብኩት እማዬ ስትወጣ እውነተኛውን ዘር ልቀበልና በዚያው ስም ሥር ልተካው ነበር። ማንም አያውቅም ብዬ። ይኸው ደግሜ «ማንም አያውቅም» አልኩ።

ትናንት ትንሹ አባት ደውሎ ጮኸብኝ። እናትህ አገር አጠፋች ነው የሚለው፣ ሌላው አልገባኝም። ምን አድርጋ ነው? በእግዚአብሔር፣ እንደደረሰሽ ጻፊልኝ። ደህና ናት?

ምቡሌሎ


ከምዚንትላቫ ሸለቆ
ኖቬምበር 27 ቀን 2022

ለምቡሌሎ፣

ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ደህና ናት።

እኔ አልነበርኩም፤ ክሊኒክ ሄጄ ነው። የነገረችኝ ማንያዉዛ ናት፣ እሷም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የነገረችኝ። የፉንዲሌ ሚስት ሐዘንተኛ ልትጠይቅ ገብታ ስለ ወረቀቱ አወራች፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ማሳው። እናታችን እስክትጨርስ ሰማቻት፣ አመሰገነቻት፣ ሸኘቻት። ከዚያ ተነሥታ ቅሉን አወረደች። ጥቁር ቀሚሷን፣ ጥቁር ሻርፗን፣ ፊቷን የሚሸፍነውን ጨርቅ አጥብቃ አሰረች፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣች።

በመንገዱ አልሄደችም። የማንያዉዛን እርሻ ሰንጥቃ፣ የቀጣዩን ሰንጥቃ፣ ከቤታችን እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ማሳ ሁሉ አንዱንም ሳትዘል እያቆራረጠች ወረደች። ሐዘንተኛ ጥቁሯን ለብሳ የረገጠችው እርሻ ሞት የነካው ነው፣ ማንም ከዚያ አይበላም፤ ይህን ላንተ መንገር የለብኝም። ሰዉ ከየበሩ ወጥቶ ቆመ። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። ፉንዲሌ ከጉብታው ሆኖ በጎሳ ስሟ ጠራት።

«ማክዋሎ፣ ልብስሽን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁትም» አለችው። «ለብሼው ነው የመጣሁት።»

ማሳዋ ስትደርስ የሱን ችግኝ ነቅላ ነቅላ ጨረሰች። ሲያያት ሊከለክላት ወረደና ማሳው ጫፍ ላይ ቆመ፤ እግሩን ማስገባት አቃተው። እሷ በእርጋታ ጓሉን ፈረካክሳ ዘሯን ዘራች። ቅሉን ወንዝ ውስጥ አጥባ ተመልሳ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች።

እስኪመሽ ሰዉ የየራሱን ማሳ ነቅሎ ወንዝ ጣለ። ቺዙንም በቆሎውንም። ከጉብታው ወዲህ የቀረ የለም። የጠላሁት ነገር ሁሉ ተጠርጎ ሲሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ማንያዉዛ ግን ክረምቱን ልጆቿን በምን እንደምታለብስ አታውቅም፤ የሰጠችህ ቺዝ ነው፣ ግን ከልቧ ነው የሰጠችህ። እናቴን ለምን የሷንም ረገጥሽ አልኳት። ነፋስ አጥር አይለይም፣ የቺዙ የአበባ ዱቄት ከየትም መጥቶ ዘሬን ያበላሽብኛል አለችኝ። ያኔ እናቴን ተጸየፍኳት። ይህንን ለማንም አላልኩም፣ ላንተ አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ፈርደዋል። የሐዘን ዓመቷ ከአዲስ ይቆጠራል፤ እስኪያልቅ ማንም ከእጇ አይበላም፣ ያ ማሳም የማንም አይደለም። ሐሺሹ ቢበቅል እንኳ የሚነካው የለም።

ወረቀቱን በተመለከተ ከእኔ ምክር አትጠብቅ።

ኖዛሚሌ


ከምዚንትላቫ ሸለቆ
ሜይ 21 ቀን 2023

ለወንድሜ ለምቡሌሎ፣

እንደምን ሰነበትክ? ለአለቃህ እውነቱን መናገርህን፣ የፉንዲሌ ስም ከመዝገቡ መውጣቱን፣ አንተም ከምርምሩ ወርደህ መጋዘን ሳጥን ስትደረድር መዋልህን ሁሉንም አነበብኩ። አዝኛለሁ፣ ግን ብዙ አይደለም። ደብዳቤህን ለእናታችን ስነግራት «መጋዘኑ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?» ብላ ጠየቀች። እርጥበት እንዳታስገባ ትልሃለች።

ፉንዲሌ ወረቀቱን እስካሁን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ማንም አያነብለትም።

ስለ ተክሉ ለጠየቅከኝ፦ በቀለ። ሁሉም አይደለም፣ ከግማሽ ያነሰ ነው፣ የበቀለው ግን ጎጆውን አልፎ ሄደ። ጭጋጉ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶበት ጠዋት ስትፈለቅቀው ውስጡ ደረቅ ነው። ሌባ አልነካውም። ፍየል ሲጠጋ የጎረቤት ልጅ ሮጦ ፍየሉን ይመልሳል፤ ለተክሉ ብሎ ሳይሆን ለፍየሉ ብሎ። ማንም አልቆረጠ፣ ማንም አልሸጠ፣ ማንም አጠገቡ ሌላ ነገር አልዘራ። አንተና ጓደኞችህ በአጥርና በጠባቂ ብትሞክሩት ይህን ያህል አታስከብሩትም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዘሩን ለማራገፍ ወረድን። እሷ እያራገፈች እኔ ጨርቁን ይዤ። በሐዘን ላይ ሆና ለልጇ ዘር መላክ አትፈራም ነበር ወይ ብለህ እንዳትጠይቅ፣ እኔ ጠይቄያታለሁ።

«የመጀመሪያው ሐዘን የአባታችሁ ነበር፣ አክብሬዋለሁ» አለችኝ። «ይሄኛው የሽማግሌዎቹ ነው። ጥላ ካለው እነሱን ይከተል።»

እፍኟን ሞልታ ዘረጋችልኝ። እጄን አቀረብኩ፣ ከዚያ እጄ ቆመ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰዉን ሁሉ ስጸየፍ ከርሜ፣ አንተን፣ ፉንዲሌን፣ የበሰበሰውን ቅጠል፣ ወደ እናቴ እጅ ስደርስ ጣቶቼ እንደማንኛውም የሸለቆ ሰው ወደ ኋላ አሉ። አይታኛለች። እፍኟን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ። ተቀበልኳት፣ ጨርቁ ውስጥ አሰርኩት፣ እንደጨረስን ወንዙ ዳር ወርጄ እጄን በአሸዋ ፈተግኩ። ቀና ስል ከላይ ሆና ታየኛለች። የራሷን እጅ ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ዘሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፣ ጨርቁን ሳልፈታ ነው የላክሁልህ። የዘር ባንኩ ቅጽ ላይ «እንዴት ተጠብቆ ቆየ» ለሚለው ምን ልጻፍ ብለሃል። ማንም ሊነካው ስላልፈለገ ብለህ ጻፍ። ልጇም ጭምር።

እህትህ ኖዛሚሌ